አራት ምልክት

የድሬ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ሙቀት ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ የአክስቴ ነው። ሳቢያን ሰፈር ትንሽ የጽሕፈት ሥራ ቤት አላት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ኮፒ ታደርጋለች፣ ፕሪንት ታወጣለች። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ፕሮሰሰሩ ያረጀ ነው ብሎ አልቀበልም አላት። አዲስ ለመግዛት አቅም የለም።

በዚያ ላይ የፍላሽ ቫይረስ አለ። ደንበኛ ፍላሹን ይሰካል፣ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ቁጭ ይላል። አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏ እንደዚያ ሆኖባት አክስቴ ፊት ስታለቅስ ነበርኩ። በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ሊኑክስን ለመሞከር የወሰንኩት ያን ቀን ነው። እነዚያ ቫይረሶች ለዊንዶውስ የተጻፉ ስለሆኑ ሊኑክስ ላይ አይነሱም።

መጀመሪያ ሊኑክሱን እንዳለ ጫንኩላት። አጠገቧ ተቀምጬ ዝም ብዬ አየሁ። ፍላሽ ሰካች። አንድ መልእክት ብቅ አለ። እጇ ማውሱ ላይ ቆመ።

«የኔ ልጅ፣ ‹ማውንት› ምንድን ነው?» አለችኝ።

ሦስት ጊዜ ላስረዳት ሞከርኩ፣ አልሆነም። ማታ ቤቴ ገብቼ አንድ ነገር ወሰንኩ። በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ላስረዳት የማልችለው ነገር ሁሉ ከፊቷ ይነሳል።

ይህን ማድረግ የምንችለው ፈቃዱ ስላለን ነው። ሊኑክስ፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሥራ፣ ማንም እንዲያየው፣ እንዲቀይረው፣ እንዲያከፋፍለው ክፍት ነው። እኔ መሠረቱን ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት አደረግኩ። ስክሪኑ ላይ ለሚታየው ገጽታ ለአሮጌ ማሽን ቀለል የሚለውን ኤክስኤፍሲኢን መረጥኩ። ‹ላይቭ ቢልድ› የሚባል መሣሪያ አለ፤ የምትፈልጓቸውን ፕሮግራሞች በጽሑፍ ፋይል ትዘረዝሩለታላችሁ፣ በፍላሽ የሚጫን ሙሉ ሲስተም ሠርቶ ይሰጣችኋል። ይሄኛው ብዙ አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ መምረጡ ነው። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ አራት ምልክት ቀረ፦ መጻፊያ፣ ማተሚያ፣ ፍላሽ፣ ኢንተርኔት። ፍላሽ ሲሰካ ራሱ ይከፈታል። መብራት ሳይናገር ስለሚሄድ መጻፊያው ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ በየ2 ደቂቃው መጠባበቂያ እንዲይዝ አደረግኩት። አፕዴት ሳትፈቅድ ዳታዋን እንዳይበላ አቆምኩት። እሱን በየሳምንቱ እኔው ሄጄ እሠራዋለሁ፣ መዝለል አይቻልም።

ቋንቋውስ? አንድ ጠዋት በዚያች በር አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚያጽፉ ሰዎች ይገባሉ። ኦሮምኛና ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ አንዲት ቁልፍ ብቻ ከግዕዝ ወደ ላቲን ታሻግራታለች። ፈተናው ዩኒኮድ ባልሆነ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራውን የፊደል ኮድ ባልተከተለ ፎንት የተጻፈ የድሮ አማርኛ ነው። ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ስንቱ ውል፣ ስንቱ ቃለ ጉባኤ እንደዚያ ተቀምጧል! እሱን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ነገር በአንድ ጠቅታ የሚሠራ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ፕሮግራም የምትጽፉ ልጆች፣ እዚህ ላይ እጃችሁን እፈልጋለሁ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ሁሉንም ቆልፍባት፣ እንዳታበላሸው» አሉኝ። አልተስማማሁም። ማሽኑ የእሷ ነው። ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት ተርሚናል ከዓይን ራቀ እንጂ አልጠፋም። ፕሪንተሩ እምቢ ያለ ቀን የሰፈር ልጅ ገብቶ ማስተካከል አለበት።

ላፕቶፑን ዛሬ ለምኜ አምጥቼዋለሁ። እዚያ ከኋላ፣ ቬንትሌተሩ ሥር ነው። ኮምፒውተር የማታውቁ እናቶችና አባቶች ቅድሚያ ይኑራችሁ። የኮምፒውተር ልጆች ደግሞ አትንገሯቸው፤ እጃቸው የት ላይ እንደሚቆም ብቻ ጻፉልኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሱቋ ስለምትከፍት እስከዚያ መመለስ አለብኝ።

አመሰግናለሁ።