ሳምንት ሳይሞላት

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ! ገና አቦል ላይ ነን። በረካው ሳይደርስ እጨርሳለሁ፣ አብሽሩ።

በየወሩ ስንገናኝ ስለ ደም ማነስ ኪኒኑ እናወራለን። ምጥ ሲመጣ ማን እንደሚያደርሳችሁም እናወራለን። ሴት ከተወለደችስ? እሱን ዘለነዋል።

የሴት ልጅ ግርዛት ጎጂ መሆኑን ታውቃላችሁ። ስጠይቃችሁ እንደ ተማሪ ትመልሱልኛላችሁ። በቀደም ለክትትል የመጣች አንዲት እርጉዝም እንዲሁ መለሰችልኝ። «ታዲያ ያንቺን ልጅ?» አልኳት። የነጠላዋን ጥለት እየጠቀለለች ዝም አለች። ቆይታ፣ «እሱን እንኳ አማቴ ናቸው የሚያውቁ» አለችኝ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በእኛ አገር በብዙ ቦታ የምትገረዘው ገና በጨቅላነቷ፣ አንዳንዴም ሳምንት ሳይሞላት ነው። እናት ያን ጊዜ አራስ ናት። ወገቧ አልጸናም፣ ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል፣ ሕፃኗ አያቷ እቅፍ ውስጥ ናት። ማን ይሰማታል? እንቢ ማለት ያለባችሁ አሁን፣ ሆዳችሁ ሳለች ነው።

«ካልተገረዘች ዕቃ ትሰብራለች» ይባላል። እኔ ተገርዣለሁ፤ የሰበርኩትን ሲኒ እናቴ ትቁጠረው።

ሃይማኖት ነው የምትሉም አላችሁ። ቁርኣን ውስጥ የሴት ግርዛት አልተጠቀሰም። መጽሐፍ ቅዱስም አብርሃምን ያዘዘው ወንዶቹን ነው። ሸሁንም ቄሱንም ጠይቁ።

የማዋለጃ ክፍሉን ግን እኔን ጠይቁኝ። ጠባሳ እንደ ደህና ቆዳ አይለጠጥም። ምጡ ይረዝማል፣ ይቀደዳል፣ ደም ይበዛል። መርፌና ክር ይዤ ስሰፋ፣ የምሰፋው በልጅነቷ የተቆረጠውን ቦታ ነው።

በ1992 ዓ.ም. በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ 100 ሴቶች 80ዎቹ የተገረዙ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 65 ደርሷል። ቀንሷል፣ ግን ብዙ ነው። ሕግም አለ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 የገረዘ ሰው ቢያንስ 3 ወር ይታሰራል፣ ወይም ቢያንስ 500 ብር ይቀጣል። ያስገረዘ ወላጅም አይቀርለትም። እውነቱን ለመናገር፣ ሕጉን የፈራ ሰው ጓዳ ገብቶ ያስገርዛል። እኔ ከዳኛው ይልቅ ተስፋ የማደርገው በእናንተ ነው።

ዛሬ ማታ ለባሎቻችሁ ንገሯቸው። አማትን ለብቻ መጋፈጥ ይከብዳል፤ ልጃቸው ቀድሞ ቢነግራቸው ይሻላል።

ቶናው ደረሰ መሰለኝ። እስቲ አንዳችሁ ጀምሩልኝ። እኔ አማትሽ ነኝ እንበል፤ ሕፃኗን ታቅፌያለሁ፣ ገራዧን አስጠርቻለሁ። ምን ትይኛለሽ?