ቁጥሩ ያው፣ ቀለሙ ሌላ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምናገረው ስለ ክር ነው፤ ስለ ስፌትና ስለ ጥልፍ ክር ቀለም። አንድ ወር ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ስለከረመ ሳልነግራችሁ ወደ ሌላ ጉዳይ ማለፍ አልቻልኩም።

ነገሩ የጀመረው ከእናቴ ቀሚስ ነው። እዚሁ ደሴ ያሰፋችው የጥጥ ቀሚስ ነው፤ እጅጌውና ታችኛው ጫፉ ላይ ወይን ጠጅ ጥልፍ አለው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ለበዓል ትለብሰው ነበር። በቅርቡ ከሣጥን ሲወጣ የግራ እጅጌው ጥልፍ የአንድ ጣት ርዝመት ያህል ተተርትሮ አገኘሁት። የቀረው ሁሉ ደህና ነው። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው ብዬ ተነሣሁ።

እናቴ ዕቃ አትጥልም። ቁልፍ፣ መርፌ፣ ቁራጭ ዳንቴል፣ የተረፈ ክር የምታስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ አላት። ቀሚሱ የተጠለፈበት ክር ካርቶን ከዚያ ውስጥ ተገኘ። ክሩ ካለቀ ቆይቷል፤ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን አልተቀደደም፣ የአምራቹ ስምና የቀለሙ ቁጥር በግልጽ ይነበባሉ። ካርቶኑን ብቻ ይዤ ወደ ፒያሳ ሄድኩ።

ክር የምገዛቸው አባት፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው፣ ወረቀቱን አይተው ከላይኛው መደርደሪያ ሣጥን አወረዱ። አምራቹ ያው፣ ቁጥሩ ያው። ከፍዬ መጣሁ። ቤት ደርሼ ከጥልፉ ጎን ሳስቀምጠው አንደኛው ወይን ጠጅ፣ ሌላኛው የቲማቲም ድልህ! በማግስቱ ስመለስ ሐጂ አልደነገጡም። «አብሽሪ ልጄ፣ ፋብሪካው ካርዱን ከቀየረ ቆይቷል። ቁጥሩን አልቀየሩትም እንጂ ቀለሙን ቀይረውታል» አሉኝ።

ስንት ዓመት ስሰፋ የቀለም ቁጥር እንደ ሰው ስም የማይለወጥ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ለምን እንደሚለወጥ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ።

እያንዳንዱ ክር አምራች የሚሠራቸውን ቀለሞች ከነቁጥራቸው የሚያሳይ የቀለም ካርድ አለው። ካርዱ ግን በየጊዜው ይታደሳል። ለምሳሌ ዲ.ኤም.ሲ. የሚባለው፣ ዛሬ በፈረንሣይ በምትገኘው በሙሉዝ ከተማ በ1746 የተመሠረተው ድርጅት፣ በ2017 በጥልፍ ክሩ ላይ 35 አዳዲስ ቀለሞች ጨምሮ የቀለሞቹን ብዛት 500 አድርሶታል፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሲጨመርስ እሰየው ነው። የሚጎዳን ሲቀነስ ነው። ብዙ ገዢ የሌለውን ቀለም አምራቹ ማቅለምና መጋዘን ማስቀመጥ ስለማያዋጣው ከካርዱ ያወጣዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ማቅለሚያው ራሱ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያ «አዞ» (azo) ከሚባሉት ማቅለሚያዎች መካከል ካንሰር የሚያመጡ ውህዶችን ሊለቁ የሚችሉትን ከሰው ቆዳ ጋር በሚነካካ ጨርቅ ላይ ከልክሏል። ይህ ተገቢ ነው፤ ለአንድ ወይን ጠጅ ብሎ የሰው ጤና አይነካም። ብቻ አንድ ማቅለሚያ ሲታገድ ቀላሚው ያንኑ ቀለም በሌላ ቅመም ለማምጣት ይሞክራል፣ ይቀርባል፣ ግን አይገጥምም። ካርዱ ባይለወጥም እንኳ ዛሬ የተነከረውና ከስድስት ወር በኋላ የሚነከረው ክር ትንሽ ይለያያሉ። በብዙ ጥቅሎች ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የንክር ቁጥር የሚጻፈው ለዚህ ነው። ትልቅ ሥራ የያዘ ሰው የሚበቃውን ክር ከአንድ ንክር አንድ ጊዜ ይግዛ የምለውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ቁጥሩን ትቼ ቀሚሱን ራሱን ይዤ ሄድኩ። መሽቶ ስለነበር ሱቁ ውስጥ ነጭ አምፖል በርቷል። ሐጂ ስምንት ዘጠኝ ዓይነት ወይን ጠጅ ደረደሩልኝ። አንዱ ጥልፉ ላይ ሳስቀምጠው ጠፋ፤ በእውነት ዓይኔ ሊለየው አልቻለም። እየፈነደቅኩ ወደ ቤቴ ገባሁ። ጠዋት መስኮት ስከፍት ግን ክሩ ወደ ሐምራዊ ሄዷል።

ይህኛው የማንም ጥፋት አይደለም። የእናቴ ጥልፍ የጥጥ ክር ነው፣ እኔ የገዛሁት ፖሊስተር። ሁለቱ አንድ ዓይነት ማቅለሚያ አይቀበሉም። ፖሊስተር አብዛኛውን ጊዜ በግፊት ውስጥ እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት፣ ለእርሱ በተዘጋጀ ማቅለሚያ ይነከራል፤ ጥጥ ሌላ ማቅለሚያ፣ ሌላ ሙቀት አለው። ስለዚህ በአንድ ብርሃን ሥር አንድ መስለው፣ በሌላ ብርሃን ሥር ይለያያሉ። ባለሙያዎች ሜታሜሪዝም ይሉታል። በፋብሪካ ቀለም የሚያመሳስሉ ሰዎች የቀን ብርሃንን የሚመስል መብራት ያለው ሣጥን አላቸው። እኛ ደግሞ የሱቁ በር አለን። ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ጥላ ውስጥ ሆኖ ማየት ከየትኛውም አምፖል ይሻላል። በሐምሌ፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው ግን ክር ባልገዛ እመርጣለሁ።

በመሐል አንዲት ጎረቤት የቆየ ክር ባቲ ይገኛል ብላኝ ሰኞ ገበያ ወረድኩ። ቀለሙ ቁርጥ የእናቴ የሆነ የጥጥ ክር አገኘሁ፤ ቀስ ብዬ በሁለት እጄ ስስበው ግን ተበጠሰ። ደግሜ ሳብኩት፣ ደግሞ ተበጠሰ። ጥጥ ክር ዕድሜ ሲበዛበት ይደክማል። በቀለሙ ተታልሎ በእንዲህ ያለ ክር መስፋት ልብሱን መበደል ነው፤ ትቼው ተመለስኩ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሐጂ ዘንድ የሄድኩት በጠዋት ነበር። ከሱቁ ወጥተን ደረጃው ላይ ቆምን። ጥቅሉን በጥቅልነቱ እንዳላይ ነገሩኝ። ክር ተጠቅልሎ ሲታይ ይጠቁራል፤ አንድ ነጠላ ሆኖ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ይነጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥቅል አንድ ክንድ ያህል እየሳቡ ጥልፉ ላይ አጋደሙልኝ። ልክ የሚገጥም ከጠፋ ፈዘዝ ካለው ይልቅ ጠቆር ያለውን እንድመርጥም መከሩኝ።

ያኔ ነው እጅጌውን የገለበጥኩት። በውስጥ በኩል፣ ስፌቱ ታጥፎ ፀሐይም ሳሙናም ያልደረሰበት ቦታ ላይ፣ ጥልፉ ገና ዛሬ የተሠራ ይመስላል። ጥልቅ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ወይን ጠጅ። ከላይ የምናየው የወየበው ነው። ታዲያ የትኛውን ላመሳስል? ክሩ በተገዛበት ዕለት የነበረውን ነው ወይስ ዛሬ ያለውን? ብቻዬን መወሰን አልፈለግኩም። ወስጄ ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ስፌቱን በጣቷ ከፈት አድርጋ ብዙ አየችው። «እንዲህ ነበር እንዴ? እኔ እኮ ረስቼው ነበር» አለች። ቀጥላ የላይኛውን እየነካች «ይኸኛውን አድርጊልኝ» አለችኝ።

የወየበውን አመሳሰልን። የተገኘው የሌላ አምራች የጥጥ ክር ነው፤ ወደ ዳማ ትንሽ ያጋድላል። የዚህ ቁጥር በዚያኛው አምራች ይህ ነው የሚሉ የማመሳከሪያ ሠንጠረዦች አሉ፤ ሁሉም ግምት ናቸው፤ ይህንን ክር በሠንጠረዥ ቢሆን ኖሮ አላገኘውም ነበር። ከአንድ ክንድ ርቆ የሚያይ ሰው ጥገናውን አይለየውም። እኔ ግን የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ ምንም አላለኝም።

አሁን ደብተር ይዣለሁ። ለምሰፋው ሁሉ ከክሩ አንድ ስንዝር፣ ከጨርቁ አንድ ቁራጭ እለጥፍበታለሁ፣ ቀኑንም እጽፍበታለሁ። የምትሰፉ ካላችሁ ለደንበኛችሁም ከክሩ ሁለት ሜትር ያህል በካርቶን ጠቅልላችሁ ስጡ። ልብሱን ከሃያ ዓመት በኋላ የምትጠግነው ልጅ ትፈልገዋለች።

የተረፈኝን ክር በእናቴ አሮጌ ካርቶን ላይ ጠቅልዬ ወደ ብስኩት ቆርቆሮው መለስኩት። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር በእስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ።