ማንም የማይጠብቀው ኮድ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፦ «ቀኑን ሙሉ ኮድ ስትጽፍ ትውላለህ፣ ማታ ደግሞ ለመዝናናት ብለህ ኮድ ትጽፋለህ፤ አይሰለችህም እንዴ?» እስቲ እሱን እናውራ።

በመጀመሪያ፣ የምን ቀኑን ሙሉ! ቀኔ የሚያልቀው በአብዛኛው ሌላ ሰው የጻፈውን በማንበብ ነው። የባልደረባ ኮድ መገምገም አለ፣ ስብሰባ አለ፣ መልእክት መመለስ አለ። የምጽፈው በመሃል በምትተርፈው ሰዓት ነው። እሷንም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚበላት አንድ ተራ የሚመስል ባግ፣ ማለትም የኮድ ስህተት ነው።

ለምሳሌ በቅርቡ አንድ ቴስት፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ትንሽ ፕሮግራም፣ አስቸግሮን ነበር። ማለዳ ሲሮጥ ይወድቃል፣ ከሰዓት በኋላ ሲሮጥ ያልፋል። ኮዱን የነካው ሰው የለም። ለካ አንዱ መስመር የዛሬን ቀን የሚወስደው ከአካባቢው ሰዓት ነው፤ ሌላው ደግሞ ከዩቲሲ፣ ከዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት። ሰዓቱ ከዩቲሲ ብዙ በሚቀድም አገር ማለዳ ላይ፣ በዩቲሲ ቀኑ ገና ትናንት ነው። ረፈድ ሲል ሁለቱ ይስማማሉ፣ ቴስቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ያልፋል። ማስተካከያው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ፍለጋው ግን ስንቱን ሰዓት በላ!

ኮሚቶቼን፣ ማለትም በየጊዜው መዝግቤ የማስቀምጣቸውን የኮድ ለውጦች፣ ትንንሽ የማደርገውም ለዚሁ ፍለጋ ብዬ ነው። እነዚህን ለውጦች የሚመዘግበው ጊት የሚባል ፕሮግራም ውስጥ ባይሴክት የሚባል ትእዛዝ አለ። ደህና የነበረውንና የተበላሸውን ኮሚት ትነግሩታላችሁ፤ እሱ መሃል ላይ ያለውን ያወጣላችኋል። ሞክራችሁ ይሠራል ወይም አይሠራም ስትሉት ግማሹን ይጥላል። እንዲህ ግማሽ ግማሹን እየጣለ ከ1,000 ኮሚት ውስጥ ጥፋተኛውን በ10 ሙከራ ገደማ ያወጣዋል። ግን ያ ኮሚት አርባ ፋይል የነካ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ፍለጋው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ሌላው ልማዴ ሥራ ስጨርስ አንድ ቴስት እንደወደቀ ትቼ መሄድ ነው። ነገ ላፕቶፑን ስከፍት የቱ ጋ እንደነበርኩ ቀዩ መልእክት ይነግረኛል፤ «ከየት ልጀምር» እያሉ መንከራተት የለም። በእርግጥ ይህ በራሴ ብራንች፣ ለብቻዬ በምሠራበት የኮዱ ቅጂ ላይ ነው፤ የጋራው ላይ ቢሆን ባልደረቦቼ በሰላም አይለቁኝም።

አሁን ወደ ማታው። ሰሞኑን የያዝኩት እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ኮንዌይ የፈጠረውን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ይፋ የሆነውን «የሕይወት ጨዋታ» ነው። ሰሌዳ አለ፣ ሰሌዳው ላይ ሕዋሶች አሉ። ሕያው ሕዋስ 2 ወይም 3 ሕያው ጎረቤት ካለው ይቆያል፤ ካነሰ ወይም ከበዛ ይሞታል። ባዶ ቦታ ልክ 3 ሕያው ጎረቤት ካለው ደግሞ ሕዋስ ይወለድበታል። ሕጉ በቃ ይኸው ነው። ከዚህ ውስጥ ግላይደር የምትባል አምስት ሕዋስ ያላት ቅርጽ አለች፤ በየአራት እርምጃው አንድ ቦታ በሰያፍ ትሄዳለች። «ሂጂ» የሚል ኮድ የትም አልጻፍኩም፤ ግን ትሄዳለች! ይህን ገና አልጠገብኩትም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የቀኑን ኮድ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ቀነ ገደብ አለው። የማታውን የሚጠብቅ የለም። ካሰኘኝ ሁሉንም አጥፍቼ በማላውቀው የኮድ ቋንቋ እጀምረዋለሁ።

ይህን ስል ሁሌ የሚመጣ መልስ አለ፦ «ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ስርዓተ ክወናም እኮ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀመር የሊነስ ቶርቫልድስ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነበር፤ ፓይተን የሚባለውም የኮድ ቋንቋ ጊዶ ቫን ሮሱም እ.ኤ.አ. በ1989 የገና ሰሞን ጊዜ ማሳለፊያ ብሎ የጀመረው ነው።» እውነት ነው። ግን ይህን እንደ ማበረታቻ ሲነግሩኝ ደስ አይለኝም፤ መዝናኛዬን መልሰው ሥራ ያደርጉብኛል። የእኔዎቹ አብዛኞቹ ፎልደር ውስጥ ተረስተው ይቀራሉ፤ ይቅሩ፣ መብታቸው ነው።

በነገራችን ላይ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ «በትርፍ ጊዜህ ምን ትሠራለህ?» ብለው ኮድ የሚጠብቁ ሰዎች ያናድዱኛል። ላፕቶፑን ዘግቶ ዋና የሚሄድ ሰው ከእኔ ያነሰ ዴቨሎፐር አይደለም። አብሬያቸው ከሠራኋቸው ጎበዞች መካከል ከሥራ ውጪ ኮምፒውተር የማይነኩ አሉ።

አሁን የደረስኩት የሰሌዳው ጠርዝ ላይ ነው። ግላይደሯ በቀኝ ስትወጣ በግራ ትመለስ፣ ወይስ እዚያው ትጥፋ? እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጣላችሁ? ጻፉልኝ። በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።