ለዳገት የሚሆን ኤሌክትሪክ ሳይክል

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሱን የሰጠኝ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አድማጫችን ነው። «አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ኤሌክትሪክ ሳይክል ላመጣለት አስቤያለሁ። የካርቦን ፍሬም ያለው፣ በጣም ቀላል፣ ቆንጆ ነገር አይቻለሁ። ምን ትላለህ?» ብሎ ጻፈልኝ። አጭሩ መልስ፦ ባይሆን ይሻላል። ረጅሙን ደግሞ አሁን እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ባትሪው ራሱ አይመጣም። በመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ የሳይክል ባትሪ በሻንጣም በእጅም መያዝ ክልክል ነው። ዋት-ሰዓት ማለት ቮልቱ በአምፔር-ሰዓቱ ሲባዛ ነው። 48 ቮልት፣ 13 አምፔር-ሰዓት የሚል ከሆነ 624 ይመጣል። በአራት እጥፍ ገደማ አለፈ ማለት ነው። ኤርፖርት ድረስ ተሸክመህ ሄደህ እዚያው ትተኸው ትገባለህ።

ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ሳይክል የሚመርጠው ከካታሎግ ነው። እኔ ከመንገዱ ነው የምጀምረው። እስቲ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ ያለውን ዳገት አስቡት። ሰውዬው፣ ሳይክሉና ዕቃው ተደምረው 100 ኪሎ ይሁኑ። ይህን ክብደት 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ 27 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል። ሞተሩ ሩብ ያህሉን በሙቀት ስለሚያባክን ከባትሪው 36 ገደማ ይወጣል። ከቦሌ ተነስቶ እንጦጦ ጫፍ ለመድረስ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ አለ። ፔዳሉን ካልረገጥክ ለከፍታው ብቻ ከ200 ዋት-ሰዓት በላይ ሄደ። ነፋሱና የጎማው ፍትጊያ ገና አልተቆጠሩም። ሻጩ ሳጥኑ ላይ የጻፈው ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ የተለካ ነው፣ እዚህ አይሠራም።

አንድ ደስ የሚል ነገር ግን አለ። ቤንዚን ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፣ አየሩ ስስ ስለሆነ። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። እኛ ስናለከልክ እሱ ግድ የለውም።

ሞተር ላይ ብዙ አልቆይም። የአውሮፓ ሕግ 250 ዋት ይላል፣ ከ25 ኪሎ ሜትር በሰዓት በኋላም እገዛው ይቆማል። ለአምስተርዳም ይበቃል። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ያንን 100 ኪሎ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ለማስኬድ ግን 330 ዋት ገደማ ይጠይቃል። ጎማው ውስጥ የተገጠመ ሞተር እንዲህ ቀስ ብሎ እየዞረ ሲጎትት ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ብዙው ወደ ሙቀት ይቀየራል። ፔዳሉ ጋ የሚገጠመው ሞተር በማርሽ ስለሚታገዝ ዳገት ላይ ይሻላል። ሰንሰለት ግን ይበላል፣ ያውም ቶሎ።

ወደ ፍሬሙ እንምጣ። አንድ ጎረቤቴ አሉሚኒየም ሳይክል ይዞልኝ መጣ። «ሲነዳ ይንቀጫቀጫል» አለኝ። መሪው የሚገባበት ቱቦ ሥር፣ ከብየዳው ጠርዝ አጠገብ፣ ቀለሙ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። ቆሻሻ መስሎኝ በጨርቅ ጠረግሁት፣ አልጠፋም። በአውራ ጣት ጥፍሬ ስዳስሰው ጥፍሬን ያዘኝ። ስንጥቅ ነው።

ሰፈር ያለው በያጅ ዘንድ ይዘነው ሄድን። ጎበዝ ልጅ ነው፣ የቱቦላሬ በር ሲሠራ እጁ ያስቀናል። አየት አድርጎ «ይኼ በኔ ኤሌክትሮድ አይያዝም» አለን። እውነቱን ነው። አሉሚኒየም በአርጎን ጋዝ ነው የሚበየደው። ተበየደ ብንል እንኳ፣ 6061 የሚባለው የተለመደው የፍሬም አሉሚኒየም ብየዳው የነካው ቦታ ላይ ጥንካሬው በግማሽ ያህል ይወርዳል። ለዚያ ነው ፋብሪካ ውስጥ ፍሬሙ ከተበየደ በኋላ ሙሉውን እቶን የሚገባው። ከ500 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ በአንዴ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት ይቆያል። ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ያለ እቶን ከየት ይምጣ? ጎረቤቴ ሳይክሉን ለመለዋወጫ ሸጠው።

ስለዚህ ምርጫዬ ብረት ነው። ክሮሞሊ የሚባለው፣ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተጨመረበት። አሉሚኒየም በክብደት የብረት ሲሶ ነው፣ ግትርነቱም እንደዚያው ሲሶ ስለሆነ ቱቦውን ማወፈር ግድ ይላል። ተደምሮ ተቀንሶ ብረቱ በአንድ ወይ ሁለት ኪሎ ይበልጣል። ከባትሪና ከሞተር ጋር 25 ኪሎ ለሚመዝን ሳይክል ይህ ምን ያህል ነው? ብረት ብዙ ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ምልክት ይሰጣል። ቱቦው ስስ ስለሆነ በኤሌክትሮድ እንዳትነኩት፣ ይበሳል። በጋዝ እሳትና በናስ የሚያያይዝ ሰው ግን አይጠፋም።

ካርቦንማ ተመትቶ ከላይ ምንም ሳይታይ ውስጥ ውስጡን ሊላላጥ ይችላል። ለእኛ ኮብልስቶን አይሆንም። ቀርቀሃ ግን ያጓጓኛል፣ አልደብቃችሁም። ጋና ውስጥ የቀርቀሃ ሳይክል ይሠራሉ። በእኛ አገር ቆላ የሚበቅለው ሽመል ደግሞ ውስጡ ድፍን ነው። መገጣጠሚያው ላይ ሞተር ሲጎትተው ምን ይሆናል የሚለውን ግን በእጄ ሞክሬ ካላየሁ አላምንም።

ስለ ቅርጹ አንዲት ነገር። ቀሚስ ለብሳ የምትነዳም አለች፣ ኋላ ላይ ጆንያ ጭኖ እግሩን ማሻገር የሚከብደውም አለ። የላይኛው ቱቦ ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ ሲል ግን ባትሪው ቦታ ያጣል። ኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ከሰቀሉት ሳይክሉ ይወላገዳል። ከመቀመጫው ቱቦ ጀርባ ቢቆም ይሻላል፣ የኋላ ጎማውን ትንሽ ወደ ኋላ መግፋት ነው።

ባትሪው ላይ ሳስብ ኮንዶሚኒየም ነው የሚታየኝ። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ ታች ማሳደር ደግሞ ለሌባ ማስረከብ ነው። ባትሪው ተነቅሎ በእጅ የሚወጣ መሆን አለበት። ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ኤንኤምሲ የሚባለው የሊቲየም ባትሪ፣ ያው 624 ዋት-ሰዓት፣ አራት ኪሎ አይሞላም። ብረትና ፎስፌት ያለበት ሌላው የሊቲየም ባትሪ፣ ኤልኤፍፒ፣ ስድስት ኪሎ ይጠጋል። በደረጃ ልዩነቱ ይሰማችኋል። እኔ ግን ስድስቱን ኪሎ እሸከማለሁ። ኤንኤምሲ ከ500 እስከ 1000 ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ ይደክማል፣ ኤልኤፍፒ 2000 ያልፋል። ዋናው ደግሞ እሳት ነው። ኤልኤፍፒ ተቃጥሎ አያውቅም ማለቴ አይደለም፣ ግን ወደዚያ ለመድረስ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል።

ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በሊቲየም ባትሪ በተነሳ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል። ከተማው በዚያው ዓመት ዩኤል 2849 የተባለውን የደህንነት መስፈርት ያላሟላ ኤሌክትሪክ ሳይክል እንዳይሸጥ ከለከለ። እኛ ቤት ባትሪው የት ነው የሚሰካው? በር ሥር፣ ጫማው ጋ። እሳት ቢነሳ መውጫው እሱ ራሱ ነው። ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ከመጋረጃና ከፍራሽ አርቁት፣ ከነቃችሁ ወዲያ ሰክታችሁ ማታ ንቀሉት። ከተለያየ አሮጌ ላፕቶፕ በተለቀሙ ሴሎች፣ ማለትም በውስጡ ባሉት ትንንሽ ባትሪዎች፣ የተሠራ ባትሪ ደግሞ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትገዙ። ከሴሎቹ አንዱ ሲደክም ሌላውን ይዞ ነው የሚሄደው።

ለክረምቱ ዝናብ ገመዱ ወደ ባትሪው ሳጥን ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይታጠፍ፣ ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል። ሳጥኑ ሥርም ትንሽ ቀዳዳ ይኑር።

ቁልቁለቱን ረስቼ ነበር። ያንኑ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲወርዱ ፍጥነቱ እንዳይጨምር ፍሬኑ 600 ዋት ገደማ ሙቀት መዋጥ አለበት። ስለዚህ ዲስክ ፍሬን ይሁን፣ ከፊት ሰፋ ያለ ዲስክ። በዘይት ግፊት የሚሠራው የተሻለ ይይዛል፣ ዘይቱ ሲያፈስ ግን የሚሞላላችሁ ሰው ፈልጋችሁ መዋላችሁ ነው። እኔ በሽቦ የሚጎተተውን ነው የምገጥመው። ሽቦ የትም ሰፈር አለ።

ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ፣ የቻርጀሩን ነገር በሚቀጥለው እንመለስበታለን። ደህና ሁኑ።