አራት ቀን፣ ዘጠኝ ሰው፣ አራት ታንኳ

(በሴንት ፖል ከተማ ለተሰበሰቡ ወላጆችና ወጣቶች የቀረበ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ እናንተም ከኋላ ስልካችሁ ላይ ያቀረቀራችሁ ልጆች፣ ቅዳሜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ቡናው በረካ ሳይደርስ ለመጨረስ እሞክራለሁ።

ጉዳዩን ሰምታችኋል። በጁላይ ልጆቹን ይዘን ወደ ሰሜን ልንወጣ ነው። ቦታው ባውንደሪ ዋተርስ ይባላል። ሚኒሶታ ከካናዳ ጋር የምትዋሰንበት ጫፍ ላይ ነው። ከአንድ ሚሊዮን ኤከር በላይ ጫካና ውሃ ነው፤ ሐይቁ ብቻ ከ1,100 ይበልጣል። መብራት የለም። ሱቅ የለም። ስልክ አይሠራም። (አሁን ቀና ያላችሁትን አይቻለሁ።) አብዛኞቹ ሐይቆች ላይ ሞተር ክልክል ስለሆነ የሚኬደው እየቀዘፉ ነው። ሐይቁ ሲያልቅ ታንኳውን ጭንቅላት ላይ ገልብጦ፣ ጓዙን ተሸክሞ፣ በጫካ ውስጥ ወደሚቀጥለው ሐይቅ መሻገር ነው። ይህን መሻገሪያ ፖርቴጅ ይሉታል።

ስለ ውበቱ አላወራም። ልጆቹ ሄደው ያዩታል። ዛሬ የማወራው ስለ ሸክም ነው።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ነበር። ዕቅዳችን ሰፊ ነበር። ካርታውን ዘርግተን በአራት ቀን ስንት ሐይቅ እንደምናዳርስ በጣታችን ቆጠርን። ማን ምን እንደሚሸከም ግን የጠየቀ የለም። አርባ እንጀራ ይዘናል። ወጥ በድስት። የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ጂንስ ሱሪ። ጀበና ከነረከቦቱ! ረከቦት ይዞ ጫካ የገባ ሰው ከኛ በፊት ያለ አይመስለኝም።

የገባነው ከኢሊ ከተማ በስተምሥራቅ፣ መንገዱ ከሚያልቅበት ከሌክ ዋን ነው። የሚቀጥሉት ሐይቆች ሌክ ቱ፣ ሌክ ስሪ፣ ሌክ ፎር ይባላሉ። ስም አውጪው ደክሞት ነው መሰል። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ለመድረስ ሁለት ፖርቴጅ አለ፤ አንዱ 30 ሮድ፣ ሌላው 40 ሮድ። አንድ ሮድ አምስት ሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ታንኳ ቁመት በሉት። ስለዚህ 40 ሮድ ማለት 200 ሜትር ነው። ምን አላት? እኛም እንደዚያ አልን።

ሒሳቡ ግን ወዲህ ነው። ጓዝህ በአንድ ጊዜ ካልተነሳ ተሸክመህ ትሄዳለህ፣ ባዶህን ትመለሳለህ፣ እንደገና ተሸክመህ ትሄዳለህ። 200 ሜትሩ 600 ሆነ። የኛ ደግሞ ሦስት ዙር ነበር። አምስት ጊዜ ስትመላለስ አንድ ኪሎ ሜትር ይሞላል፤ ያውም በድንጋይና በሥር ላይ፣ አፍህን ስትከፍት ትንኝ እየገባብህ። በሦስተኛው ዙር ጀበናውን የያዘው ጓደኛችን እርጥብ ሥር ረግጦ ተንሸራተተ። እሱ ተረፈ። ጀበናው ከአንገቱ ተቀነጠሰ። እዚያ ቦታ ምንም ነገር ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ ያስገባኸውን ይዘህ ትወጣለህ። ስለዚህ ስብርባሪውን ለቃቅመን በፌስታል ቋጠርን፣ አራት ቀን ሙሉም ተሸክመነው ዞርን።

እንጀራው በሦስተኛው ቀን ሻገተ። ያ ሁሉ ሰው ምን በላ ካላችሁ፣ የአንዱ ጓደኛችን እናት ሳይነግሩት ቦርሳው ውስጥ የከተቱትን ቆሎና በሶ። አሁንም ባገኘኋቸው ቁጥር ጉልበት ልስም ይዳዳኛል።

የዘንድሮው ዕቅድ የተነሳው ከዚያች የቆሎ ከረጢት ነው። እዚያ ምግብና መጠጥ በቆርቆሮ ወይም በጠርሙስ ማስገባት በሕግ ክልክል ነው። ቱና የለም፣ ለስላሳ የለም፣ አባቶች ደግሞ ያሰባችሁት ነገር ካለ እሱም የለም። ታዲያ የኛ የድሮ ስንቅ ለዚህ ቦታ ተለክቶ የተሠራ ነው የሚመስለው። በሶ ውሃና ስኳር ካገኘ ቁርስ ነው። ድርቆሹን ሰበር ሰበር አድርጎ፣ ቋንጣ፣ በርበሬና ትንሽ ቅቤ ጨምሮ፣ ውሃ ሲፈላ ፍርፍር ነው። ዳቦ ቆሎ በኪስ ይያዛል። ይህ ሁሉ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ እሳትና ውሃ ብቻ ይፈልጋል። ውሃው ከሐይቁ ይቀዳል፤ ግን ይፈላል ወይም ይጣራል። ጥርት ብሎ ቢታያችሁም ዝም ብሎ አይጠጣም።

ስለ ጾም የጠየቃችሁኝ እናቶች አላችሁ። የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5፣ በዚህ አገር ጁላይ 12 ነው። የኛ ጉዞ ከዚያ በኋላ ነው። ከዓርብ እስከ ሰኞ ስለሆነ ዓርብን በሽሮ እናልፋለን። ለሙስሊም ልጆቻችን ቋንጣውም ድስቱም ለብቻ ነው። እሱን የማሰናዳው እኔ አይደለሁም፤ እናቶቻቸው ናቸው። እኔ ሽሮም አሳርራለሁ።

አሁን ወደሚያስቸግረኝ ነገር ልምጣ። በአንድ የመግቢያ ፈቃድ የሚገባው ቢበዛ ዘጠኝ ሰውና አራት ታንኳ ነው። ዘጠኝ! ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። «አንድ ልጅ ቢጨመር ምን አለበት? ጥግ ላይ ይቀመጥ።» ጥግ የለም። ሌላ ፈቃድ ይዘው ቢመጡ እንኳ ከኛ ጋር ውሃ ላይም ሆነ ሰፈር ላይ ተደባልቀን ከዘጠኝ መብለጥ አንችልም። ሠርግ አይደለም። ፈቃዱ ለተወሰነ ሰው ብቻ ስለሚሰጥ ምዝገባው በጃንዋሪ መጨረሻ ሲከፈት ጠዋት ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ ነው የያዝኩት። ክፍያው የሚታሰበው በሰው ነው፤ ልጅ ከአዋቂ ያነሰ ይከፍላል። ታንኳ ኪራዩ ነው ገንዘብ የሚበላው። ቢሆንም ኬቭላር ከሚባለው ጠንካራ ክር የተሠራውን ቀለል ያለ ታንኳ እንከራይ ባይ ነኝ። እሱ 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ አሉሚኒየሙ ከ30 ያልፋል። የአንገታችሁን ዋጋ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሐሙስ ከዚህ እንነሳለን። አራት ሰዓት ተኩል ያህል ነድተን ኢሊ ስንደርስ ፈቃዱን እንቀበላለን፤ ሲሰጡህ ስለ ደንቡ ቪዲዮ ያሳዩሃል። እዚያው አድረን ዓርብ በማለዳ ውሃ ላይ ነን። ማለዳ ያልኩት ለወግ አይደለም። ነፋሱ ረፋድ ላይ ይነሳል፣ ትልቁ ሐይቅም ማዕበል ያወጣል። ደግሞም የሚታደረው በተመደቡት ሰፈሮች ብቻ ነው። እያንዳንዱ የብረት ምድጃና መጸዳጃ አለው፤ ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል። (መጸዳጃው ግድግዳ የለውም። ጫካ መሀል የተቀመጠ ክዳን ያለው ሳጥን ነው። ልጆቹን ከአሁኑ አሳምኗቸው።) በጁላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ስለሆነ «ገና ነው፣ እንቀጥል» ማለት ያምረናል። አንቀጥልም። ሌክ ስሪ ላይ ድንኳን ተክለን ሦስቱንም ሌሊት እዚያው እናድራለን። ቅዳሜና እሑድ ባዶ ታንኳ ይዘን ሌክ ፎርን እንዞራለን፣ ልጆቹ ዓሣ ያጠምዳሉ። ዕድሜያቸው 16 የሞላ የማጥመድ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ስለ ጫካው ካነሳን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ፓጋሚ ክሪክ የተባለው ቃጠሎ ከ90,000 ኤከር በላይ ሲበላ በዚያ በኩል አልፏል። ጃክ ፓይን የሚባለው ጥድ ፍሬው የሚከፈተው በእሳት ሙቀት ነው፤ ያኔ የተዘራው ዛሬ ቁመት አውጥቷል።

ስለ ድብ ብዙ ተጠይቄአለሁ። አለ፤ ጥቁር ድብ ነው፤ የሚፈልገው ምግባችንን ነው። ስንቁ ከመሬት 12 ጫማ ከፍ፣ ከግንዱም 6 ጫማ ራቅ ብሎ ይሰቀላል፤ ወይም ድብ በማይከፍተው ዕቃ ይቀመጣል። ድንኳን ውስጥ ቸኮሌት የሚደብቅ ልጅ ግን ከኔ ጋር ይጣላል። እኔ የምፈራው ድቡን ሳይሆን ውሃውን ነው። ሕጉ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይፍ ጃኬት እንዲለብስ ያዛል፤ ለሌላው ታንኳው ላይ መኖሩ ይበቃል። በኛ ጉዞ ሁሉም ይለብሳል፣ አዋቂም ጭምር። እኔ ደብረ ብርሃን ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ዋና የተማርኩት በአርባ ዓመቴ ነው። መልበስ የሚያፍር ካለ መጀመሪያ እኔን ይይ።

አንድ ነገር ረስቼ። ሌሊት ሐይቁ ላይ የሚጮህ ወፍ አለ፤ ሉን ይባላል፣ የሚኒሶታ ወፍ ነው። ጩኸቱን መጀመሪያ ስሰማ ጅብ ነው ብዬ ምያለሁ፤ ጓደኞቼን ሁሉ ቀስቅሼ ድንጋይ አስይዣቸዋለሁ። ልጆቹ እንዳይደነግጡ ከአሁኑ ንገሯቸው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ልክ በዚህ ሰዓት እያንዳንዱ ልጅ ቦርሳውን አዘጋጅቶ ይምጣ። ለአንድ ልጅ ሰባት ኪሎ፣ ከዚያ በላይ የለም። ጂንስ ይቅር፤ ከረጠበ አይደርቅም። ሌሊቱ በጁላይም ስለሚበርድ ሹራብ ይኑር። ሚዛኑን እኔ አመጣለሁ። ከሰባት ኪሎ የተረፈው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል፣ እናቱም ይዛው ትመለሳለች።

ጀበና ያሰበ ካለ ከወዲሁ ይተው። ይኸው ቡናው ደረሰ።