3,278 ዊኬት፣ አንድ ቴስት

ክቡራትና ክቡራን፣ የክለባችን አባላት፤

ብሪስቶል ላይ ስለ ግሎስተርሻየር ካውንቲ የክሪኬት ቡድን የሚናገር ሰው ታላላቆቹን ተጫዋቾች ግሬስን ወይም ዋሊ ሃመንድን ሳይጠራ አይቀመጥም። እነሱ አድናቂ አላጡም። እኔ የቆምኩት ለኳስ ወርዋሪው ቻርሊ ፓርከር ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

ፓርከር በ1882 ፕረስትበሪ ተወለደ፤ ከ1903 እስከ 1935 ለካውንቲያችን ተጫወተ። 3,278 ዊኬት፣ ማለትም 3,278 ጊዜ መቺ ከጨዋታ አስወጣ! በታሪክ የሚበልጡት ዊልፍሬድ ሮድስና ቲች ፍሪማን ብቻ ናቸው። ለእንግሊዝ ስንት ቴስት (በአገሮች መካከል የሚደረግ ትልቅ ግጥሚያ) ተሰለፈ? አንድ። በ1921 ማንቸስተር ላይ አውስትራሊያን ገጥሞ 28 ኦቨር (ስድስት ስድስት ኳስ) ወረወረ፤ 32 ራን (ነጥብ) ብቻ ሰጥቶ 2 ዊኬት ወሰደ። ከዚያ በኋላ ዳግም አላሰለፉትም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፍጥነቱን ቀንሶ በግራ እጁ ማሽከርከር ያዘ። ኳሱ በቀኝ መቺው እግር በኩል አርፎ ወደ ውጭ ይታጠፋል፤ መቺው ሊከላከል ሲዘረጋ የዱላውን ጠርዝ ነክቶ ስሊፕ ላይ፣ ማለትም ከመቺው ኋላ በጎን በኩል፣ በቆመው ሃመንድ እጅ ይገባል። በዚያ ዘመን መጫወቻው መሬት ከዝናብ አይሸፈንም። ዘንቦ ፀሐይ ስትወጣ ላዩ መድረቅ ይጀምራል፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ኳሱ እዚያ ላይ ነክሶ ይታጠፋል፣ ድንገትም ይነሳል። በ1922 እዚሁ ብሪስቶል፣ ገቢው ለእሱ እንዲሆን በተዘጋጀው ግጥሚያ፣ ዮርክሻየር ላይ በተከታታይ አምስት ኳስ ከመቺው ኋላ የተተከለውን እንጨት መታ። ሁለተኛው ኖ ቦል (ሕግ የጣሰ ውርወራ) ባይባል ኖሮ አምስቱም ዊኬት ነበሩ! በ36 ራን 9 ወሰደ።

አሁን ወደ ቁጭቴ ልምጣ። 1926፣ ሊድስ ላይ ቴስት፣ ተጋጣሚ አውስትራሊያ። ዝናብ ዘንቧል። ፓርከር ተጠርቶ እዚያው ነው። ካፒቴኑ አርተር ካር መሬቱ ወርዋሪ ይረዳል ብሎ አውስትራሊያ መጀመሪያ እንድትመታ አደረገ። እንዲህ ላለ መሬት የተፈጠረውን ሰው ግን ከቡድኑ አስቀርቶታል! አውስትራሊያዊው መቺ ማካርትኒ ገና 2 ራን ላይ ሳለ ካር ራሱ ቀልቦ ሊያስወጣው የሚችለውን ኳስ ጣለለት፤ ሰውየው ከምሳ በፊት መቶ ሞላ፣ 151 አድርጎ ወጣ። አውስትራሊያ 494 አስመዘገበች። መሬቱ እንደታሰበው አልከፋም የሚሉ አሉ። ይሁን! ታዲያ በዚያ እምነት ሜዳ የገባ ካፒቴን ፓርከርን ለምን ተወው?

የእንግሊዝ ቡድን መራጮች ሊቀመንበር ፔልሃም ዋርነር ነበር። ፓርከር በኋላ ብሪስቶል ባለ አንድ ሆቴል አሳንሰር ውስጥ አግኝቶት ኮቱን ጨምድዶ እንደያዘው ይነገራል። ማነቅ ነውር ነው፤ ንዴቱ ግን አይገርመኝም።

ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ዳኛ ሆነ፣ አሰልጣኝም ሆነ፤ በ1959 አረፈ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ በ1930 አውስትራሊያ ብሪስቶል መጥታ ግሎስተርሻየርን ገጠመች። በሁለተኛው ዙር ፓርከር በ54 ራን 7 ወሰደ፣ የብራድማንንም እንጨት መታ፤ ግጥሚያው እኩል ለእኩል ተጠናቀቀ። ዕድሜው 47 ነበር።

አመሰግናለሁ።