ወረቀት የሌለው ሰው ምን አለው?

እሺ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ስለ አንድ ታይዋናዊ አርቲስት። ቴህቺንግ ሼ ይባላል። እውነቱን ለመናገር ኮንሴፕችዋል አርት፣ ማለትም ከዕቃው ይልቅ ሐሳቡ ሥራ የሚሆንበት ጥበብ፣ ሲባል ቶሎ ነው የሚሰለቸኝ። የዚህ ሰውዬ ነገር ግን አልለቀቀኝም።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ አቋረጠና ሥዕል ጀመረ። ከውትድርና መልስ፣ በ1973፣ ከፎቅ መስኮት ዘለለና ሁለቱንም ቁርጭምጭሚቶቹን ሰበረ። ይኼ የጥበብ ሥራዬ ነው አለ። እናቱን አስቧት እስቲ!

በዓመቱ መርከበኛ ሆኖ አሜሪካ ደረሰ። ፊላዴልፊያ ላይ ከመርከቡ ጠፋና ኒውዮርክ ገባ። ከዚያ በኋላ 14 ዓመት ያለ ወረቀት፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ። ሰሃን አጠበ፣ ወለል ጠረገ። ይኼን ክፍል ማብራራት አያስፈልገኝም፣ አንዳንዶቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከሥራ ሲመለስ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ምን ልሥራ ብሎ ያስባል። ዓመታት እንዲህ አለፉ። በኋላ ነው ይኼው ማሰቡ፣ ይኼው ጊዜ ማለፉ ራሱ ሥራው እንደሆነ የገባው። ለእኔ ዩኒቨርሲቲው ያ ክፍል ነው።

በ1978 ከእንጨት እስር ቤት ሠርቶ ገባበት። አንድ ዓመት ሙሉ። ማውራት የለም፣ ማንበብ የለም፣ ሬድዮ የለም። ምግብ የሚያመጣለትም ቆሻሻውን የሚያወጣለትም አንድ ጓደኛው ነበር። ስለዚያ ጓደኛ ሌላ ጊዜ ማውራት አለብን።

እኔን የያዘኝ ግን ቀጣዩ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ ካርድ የሚመታበት ማሽን ታውቃላችሁ? ከሚያዝያ 1980 ጀምሮ ለአንድ ዓመት በየሰዓቱ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓትም ዘጠኝ ሰዓትም ሳይል እየተነሳ ካርድ መታ፣ በመታ ቁጥር ደግሞ ካሜራው አንዲት ምስል ብቻ ይወስዳል። ሲጀምር ጭንቅላቱን ተላጭቶ ነበር። ምስሎቹ ሲገጣጠሙ ስድስት ደቂቃ የሚሆን ፊልም ወጣቸው፤ ጸጉሩ ዓይናችሁ እያየ ትከሻው ላይ ይወርዳል። ከ8,760 ሰዓት 133 አምልጦታል። 94ቱን እንቅልፍ ጥሎት ነው፣ 29ኙን ዘግይቶ፣ 10ሩን ቀድሞ። እሱንም አንድ በአንድ መዝግቦታል።

አንዳንዶች ስለ ካፒታሊዝም ነው ይላሉ። እሱ ስለ ጊዜ ማለፍ ነው ባይ ነው። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ወረቀት የሚጠብቅ ሰው ሁሌ «ዕድሜዬ እዚህ ተቃጠለ» ይላል፣ ግን የተቃጠለው ምን እንደሚመስል ማሳየት አይችልም። ሼ አሳየ። ደሞዝ የሌለው ሥራ፣ ካርድ ግን አለው።

ቀጥሎ ደግሞ አንድ ዓመት ውጭ አደረ። ቤት መግባት የለም፣ መኪና መግባት የለም፣ ድንኳን እንኳን የለም። ያውም ኢሚግሬሽን ቢይዘው የሚመልሰው ሰው! ፖሊስ ይዞ ወደ ጣቢያ ሲያስገባው አልገባም ብሎ ሲጮህ የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። የሚጮኸው እስሩን ፈርቶ አይመስለኝም፣ ጣራ ስር እንዳይገባ ነው።

በ1988 በስደተኞች ምሕረት ወረቀት አገኘ። ከ1986 እስከ 1999 ማብቂያ እሠራለሁ፣ ግን ለማንም አላሳይም ብሎ ነበር። 2000 ሲገባ ሰው ሰብስቦ ያሳወቀው ራሱን በሕይወት ማቆየቱን፣ ታኅሣሥ 31 ቀን 1999ን ማለፉን ነው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥራ አልሠራም።